የፈሰሰ ውሃ ሲታፈስ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ የተረተው ሰው አቃቂ ኖሮ አያውቅም። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን በየደጁ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ሳፋው፣ የሕፃን መታጠቢያው ሳይቀር ይሰለፋል። ከቧንቧው ሥር የተንጠባጠበችው እንኳ በጨርቅ ተነሥታ፣ ባልዲ ላይ ተጨምቃ፣ ለመጸዳጃ ቤት ትውላለች። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ውሃ በመጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ገብረጻድቅ ቤት ወለል ላይ ንጹሕ ውሃ ተንጣሎ ተኝቷል። ይህ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአትም ነው።

የመጣው ከአዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ጋሽ ገብረጻድቅ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው በአሮጌ ፎጣ እያነሡ ባልዲ ላይ ይጨምቃሉ። ግራ እጃቸው ከተሰበረ ወዲህ እንደ ልብ ስለማይጨብጥ ከጨመቁት ግማሹ ተመልሶ ወለሉ ላይ ያርፋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

«አንተ ከይሲ!» አሉት ማሽኑን። «ከቤቴ ልታስወጣኝ ነው የመጣኸው?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በእርግጥም ሊያስወጣቸው ነበር።

ጋሽ ገብረጻድቅ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሐዲድ ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባቡሩ ቆሞ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ግን ሥራውን አልተወም። የተንጋደደ ነገር አይተው አያልፉም፤ የጎረቤት አጥር ያቃናሉ፣ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ሥር ጠጠር ይሸጉጣሉ፣ ካልተጠሩበት ቤት ገብተው የበር ማጠፊያ ይመታሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ብቻቸውን ለማለት እንኳ አያስደፍርም። የግቢው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ሱቅ የከፈቱት የስልጤ ባልና ሚስት፣ ታጁና ሐጀራ፣ «ጋሽዬ፣ ይቺን ሚስማር»፣ «ጋሽዬ፣ ይቺን መደርደሪያ» እያሉ ሲያስወጧቸው ሲያስገቧቸው ይውላሉ። እሳቸውም አቤት ማለቱን ይወዱታል።

ክረምቱ ሲወጣ ግን አንድ ቀን ልብስ እያጠቡ የሳሙና ውሃ አንሸራቶ ጣላቸው። እጃቸው ተሰበረ፣ ዳሌያቸው ተቀጠቀጠ። ሐጀራ ልትጠራቸው ወደ ውስጥ ገብታ እስክታገኛቸው ድረስ እዚያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተጋድመው ቆዩ። አንድያ ልጃቸው ፍቅርተማርያም ከከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ያን ዕለት እየበረረች መጥታ «በቃ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» አለች። እሳቸው ደግሞ «ከዚህ ግቢ በቃሬዛ ካልሆነ አልወጣም» አሉ። አባትና ልጅ ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ ልጅቱ ማሽን ገዝታ ላከች። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ከእንግዲህ አይጎነበሱም፣ እርጥብ ወለል ላይም አይቆሙም።

ማሽኑን የሚገጥም ሰው አልጠሩም። ሐዲድ የገጠመ ሰው ጎማ መግጠም ያቅተዋል? በተለይ የውሃ መውጫውን ጎማ ሲዘረጉ ተጠበቡበት። ግድግዳውን ከሥር በስተው፣ ከማሽኑ ጀርባ እስከ ጓሮው ቦይ ድረስ ቁልቁለቱን በዓይናቸው ለክተው መሬት ለመሬት አስተኙት። ከጎማው ጋር አንዲት የተቆለመመች የፕላስቲክ ማንጠልጠያ ነበረች፣ ጎማውን ከፍ አድርጎ መያዣ። «ውሃ ሽቅብ ሲሄድ የት አይተው ነው?» ብለው ሳቁና በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰክተው ባርኔጣቸውን ሰቀሉባት።

ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን ያፈሰሰው አረፋ ነበር። ለዚያ ጥፋተኛው እጃቸው ነው። ከሐጀራ ሱቅ የገዙትን የእጅ ማጠቢያ ዱቄት «ለአንድ ሳፋ ሁለት እፍኝ ከሆነ፣ ይህን ለሚያክል ጎረምሳ አራት ይገባዋል» ብለው ሞሉለት። ውሃው ዱቄቱ ላይ በኃይል ሲወርድ አረፋው በመሳቢያው በኩል እንደ ጋን ጠላ ገንፍሎ ወጣና ወለሉን ሸፈነው። ሐጀራ መጥታ አይታ ጉንጯን ይዛ ሳቀች።

«ጋሽዬ፣ ይኼ እኮ ሲዞር አረፋውን ራሱ ይመታዋል። አንድ ማንኪያ ይበቃዋል!»

ከዚያ ወዲህ በማንኪያ ሆነ፤ አረፋውም ቀረ። የወለሉ ርጥበት ግን አልቀረም፤ ወለሉ ሲርስ ቶሎ እያጠፉት ማሽኑ አንድም ልብስ አጥቦ አልጨረሰም። ልጃቸው ደውላ «ማሽኑ እንዴት ነው አባዬ?» ስትላቸው «ደኅና ነው፣ ትንሽ ያልበዋል እንጂ» አሉ። 

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እመጣለሁ» አለች ፍቅርተማርያም። «ወለሉ ደረቅ ከሆነ ሁለተኛ ይህን ወሬ አላነሣም። ግን ሻንጣ ይዤ ነው የምመጣው። እርጥብ ካገኘሁ ልብስህን ከትቼ ይዤህ እሄዳለሁ። ደግመህ ብትወድቅ፣ ሐጀራ ባትኖርስ?»

 ጋሽ ገብረጻድቅም ብቻቸውን ሲሆኑ ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

እሑድ ማለት ነገ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን አድርቀው እንደጨረሱ በጉልበታቸው ተንበርክከው የማሽኑን ጀርባ በእጃቸው መዳሰስ ጀመሩ። የሚንጠባጠበው የመግቢያው ጎማ ከቧንቧው ጋር ከሚገናኝበት ማሰሪያ ላይ ነው። ፒንሳ አምጥተው አጠበቁት፤ ባሰበት። ቧንቧውን ዘግተው ፈቱትና ውስጡን አዩ። እዚያ መቀመጥ የነበረበት የጎማ ቀለበት የለም። ጋሽ ገብረጻድቅ ቆም ብለው አሰቡ፤ ቀስ በቀስም አፈሩ። ማሽኑን የገጠሙ ዕለት አንዲት ጥቁር ቀለበት ወለሉ ላይ ወድቃ አግኝተው፣ ትርፍ መስላቸው የማር ጠርሙስ ክዳን አጥብቀውባት ነበር።

ሄደው አወጧት። ማሩን አጥበው ቦታዋ መለሷት። ቧንቧውን ሲከፍቱት ጠብ የምትል ነገር ጠፋች።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉና ልብስ ከተው፣ በሩን ዘግተው፣ ማሽኑን አስነሡት።

ማሽኑ ሹ እያለ ውሃ መቅዳት ጀመረ። ጋሽ ገብረጻድቅ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ቀዳ፣ ቀዳ፣ አሁንም ቀዳ። በክብ መስተዋቱ ሲያዩት ግን ልብሱ ረጠበ እንጂ ከሥሩ ውሃ የለም። ቆይቶ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለችና ማሽኑ ፀጥ አለ። ወለሉ ደርቋል፣ ልብሱ አልታጠበም። ልብሱ ካልታጠበ ደግሞ ወደ ሳፋው መመለስ ነው፤ ወደ ሳሙና ውሃው፣ ወደ መንሸራተቱ። ከእጅ አይሻል ዶማ!

ጎማውን ከማሽኑ ጋር ከሚገናኝበት በኩል ፈቱት። መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ወንፊት አለች፤ በዝገትና በደለል ተደፍናለች። የሰፈሩ ቧንቧ አርጅቷል፤ ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ እንደ ሻይ የቀላ ነው። ወንፊቷን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው መለሷት። እንደገና አስነሡት። አሁን ድምፁ በረታ፣ ደስ አላቸው። ቀዳ፣ ቀዳ፣ ቀዳ። ከዚያ ያቺ ቀይ መብራት።

«ግፊት አንሶት ነው» ብለው ደመደሙ። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧውን ለቆ፣ ለእሳቸው ማሽን ምን ሊደርሰው? የሚበጀው ጎረቤቱ ለአፍታ ቢዘጋ ነበር። ግን ሰው መርዳት እንጂ ሰውን እርዱኝ ማለት ለጋሽ ገብረጻድቅ ሐዲድ ከመሸከም ይከብዳል። ወጡ፣ ተመለሱ። ሻንጣው ትዝ ሲላቸው ደግመው ወጡ።

ሐጀራ በሱቁ ደጅ ጀሪካን እየሞላች ነበር።

«ሐጀራ፣ እንዲያው... ጎረቤቱ ለአንድ አፍታ ቧንቧ ቢዘጋልኝ ብዬ ነበር» አሏት፣ ሌላ ሌላውን እያዩ።

ውሃ በመጣበት ቀን ቧንቧ ዝጉ ማለት በሠርግ ቀን ሙሽራዋን አውሱኝ እንደማለት ነው። ሐጀራ ግን ፊታቸውን አየችና የራሷን ቧንቧ ጠምዝዛ ዘጋች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ድምጿን ለቀቀችው።

«አማረች! እናንተም ከወዲያ ያላችሁ! ለጋሽዬ ብላችሁ አንድ አፍታ ቧንቧ ዝጉ!»

«ዛሬ?» አለች ጎረቤታቸው አማረች ከአጥሩ ማዶ። «ውሃ በመጣበት ቀን? ምን ነክቶሻል አንቺ?»

«ማሽኑ ካልሠራ ነገ ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው!»

ጋሽ ገብረጻድቅ ይህን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ሐጀራ ከየት እንደሰማች እሷና ፍቅርተማርያም ያውቃሉ።  ከአጥሩ ማዶ የአማረች ቧንቧ ጭጭ አለ። ቀጥሎ የሚቀጥለው፣ ቀጥሎም ከዚያ ወዲያ ያለው። መንገዱ ሁሉ በርሜሉን ሳይሞላ ፀጥ ብሎ የአንድ ሽማግሌን ማሽን መጠበቅ ጀመረ። ጋሽ ገብረጻድቅ ፈጥነው ወደ ቤት ገቡ።

ማሽኑ በኃይል ቀዳ። ቀዳ፣ ቀዳ፣ ቀዳ። ቀይዋ መብራት በራች።

ሲወጡ ሐጀራ «ሠራ?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፈቱ በያቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፈቱ በያቸው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከጎረቤት ያን ሁሉ ውሃ ለምነው የት እንዳደረሱት አለማወቃቸው ከሁሉ በላይ አሳፈራቸው። ማሽኑን በእልህ አንድ ጊዜ ደግመው አስነሡትና ጀርባቸውን ሰጡት። ከዚያ የልብስ ሣጥናቸውን ከፍተው ሸሚዞቻቸውን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመሩ። ልጃቸው መጥታ እንደ ሕፃን ዕቃ ከምትሸክፍላቸው ራሳቸው አጥፈው ቢጠብቋት ይሻላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚቃና አጥር የለም፣ ጋሽዬ ብሎ የሚጠራም የለም። አለቀሱ ብንል ይቆጡናል፤ ግን የሸሚዙ ኮሌታ አልታያቸውም።

በዚያች ሰዓት ሐጀራ ትርፍ በርሜሏን ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞራ ነበር።

«ያረቢ! ጋሽዬ! ውሃዎት!»

ከግድግዳው ሥር በወጣው ጎማ ጥርት ያለ ውሃ ወደ ቦዩ ይንዶለዶላል። ሳሙናው ቀድሞ ታጥቦ ሄዷል፤ የቀረው የሚጠጣ የሚመስል ውሃ ነው። ሐጀራ የዚህ ሰፈር ልጅ ናት፤ ለምን ይፈስሳል ብላ አልጠየቀችም። መጀመሪያ ይታፈሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። በርሜሏን እየጎተተች አምጥታ ግድግዳው ሥር አቆመችና ጎማውን ከመሬት ብድግ አድርጋ በበርሜሉ አፍ ላይ ሰቀለችው።

ውሃው ቆመ። ጎማውን ነቀነቀችው፤ ጠብ አይልም።

«ኧረ ሰበርኩት መሰለኝ! አውፍ በሉኝ ጋሽዬ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ገብረጻድቅ ግን ቀና አሉ። ከጀርባቸው የማሽኑ ድምፅ ተለውጦ ነበር። ሲዞሩ ውሃው በክብ መስተዋቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ አዩት፤ ልብሱ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ማሽኑ ቀጭ አለ። ከዚያም ከበሮው ወደ ግራ ዞረ፣ ቆመ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ሸሚዝ በእጃቸው እንደያዙ ጎማውን እስከ ግድግዳው ቀዳዳ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። የሐዲድ ሰው ነበሩና ከዚያ በኋላ የሚነግራቸው አላስፈለገም።

ወደ ጓሮ ወጡ። ሐጀራ ጎማውን እንዳይወድቅ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች።

«አልሰበርሽም» አሏት። «ሰባሪው እኔ ነኝ። እሱ ከፊት ይቀዳል፣ እኔ ባስተካከልኩለት ቁልቁለት ከኋላ ይሄድበታል። በቀዳዳ እንስራ ሲቀዳ ነው የከረመው፤ እንዴት ብሎ ይሙላ!»

«ታዲያ አሁን ልልቀቀው?»

«እንዳትለቂው!» አሉ፣ ባቡር መጣ የተባለ ያህል።

ሐጀራ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሳቸውም ተከትለዋት ሳቁ፣ ዓይናቸው እስኪረጥብ። ከዚያ ገብተው ባርኔጣቸውን አወረዱ። የተቆለመመችውን ማንጠልጠያ ከሚስማሩ ነቅለው በእጃቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩአት። «ለካ አንቺም ሥራ ነበረሽ» አሏት። ጎማውን አስገቡባትና የበርሜሉ ከንፈር ላይ አጥብቀው አሰሯት።

«ሠራ ወይ?» አለች አማረች ከማዶ።

«ሠራ!»

«እሰይ! እንግዲያው ብርድ ልብሴን ይዤ እየመጣሁ ነው!»

ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስ ውሃውን ራሱ ገፍቶ ወደ ላይ አወጣውና በርሜሉ ተቀበለው። በእሱ ሱቁ ተወለወለ፣ የግቢው መጸዳጃ ቤት ታጠበ። ጋሽ ገብረጻድቅ ግን በአንድ ዙር አልቆሙም። ያጠፏቸውን ሸሚዞች መልሰው ዘረጓቸው። ከሣጥኑ ያለውን ሁሉ፣ ንጹሑንም ሳይቀር፣ እስከ ምሽት ድረስ አጠቡት። ከበዓል ሸሚዝ እስከ ሌሊት ካልሲ የቀረ የለም።

በማግስቱ ፍቅርተማርያም ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ፣ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና በካልሲዋ ገባች። እሳቸው ያንን ሲያዩ ተንኮሏ ገባቸው። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። የማሽኑ ጀርባ ድረስ ሄዳ ቆመች፣ ተመልሳ መጣች፣ አንድ እግሯን አንሥታ የካልሲዋን ሥር በእጇ ነካችው። ደረቅ ነው። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተችው። ሣጥኑም ባዶ ነው።

«ልብስህስ?»

«ገመድ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። አሮጌ የምድር ባቡር ካፖርታቸውን ብቻ ለብሰው ቆመዋል። «ሁሉም። እርጥብ ልብስ ደግሞ በሻንጣ አይከተትም።»

ፍቅርተማርያም ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ያን ቀን ሐጀራ ስትደውልልኝ...» አለች። «ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል አባዬ። ልወስድህ ስለምፈልግ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጡ። «እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ስትሰማ ልጃቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «መውደቁን አይደለም። ማንም ሳይጠራኝ መዋልን ነው የፈራሁት። ትናንት ይኼ ሰፈር ለእኔ ብሎ ቧንቧ ዘጋ፣ ታውቂያለሽ? ውሃ በመጣበት ቀን!»

«ሐጀራ ነግራኛለች» አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ጠዋት ሱቅ ስትከፍት በርህን አንኳኩታ አንተ ሳትመልስላት ወደ ሥራዋ አትሄድም። እሱን ተስማምተናል፤ አንተ አትጠየቅም።»

«ልጠየቅማ አይገባኝም» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ፍቅርተማርያም ማሽኑን አየችው፤ ከዚያ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል በርሜሉን። ትንሽ አመነታች።

«እኛ ጋ እኮ ውሃው አራተኛ ፎቅ መውጣት ከተወ ቆየ። ከታች በጀሪካን ነው የማወጣው። ልብሴ ተከምሯል።»

«እና እኔን ወደዚያ ልትወስጂኝ ነበር?»

ፍቅርተማርያም ከአልጋው ተነሣች። ሻንጣዋን ባዶውን አንጠልጥላ፣ ገመድ ላይ ያለውን ልብስ በእጇ እየዳሰሰች፣ ሐጀራን ስማ ሄደች።

ፈረቃው እንደገና ሲደርስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ ጥርት ያለውን። ጋሽ ገብረጻድቅ ስልካቸውን አንሥተው «ውሃ መጥቷል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰዓት ሳይቆይ አንድ ባጃጅ ደጃፍ ቆመና ፍቅርተማርያም ያንኑ ሻንጣ እየጎተተች ወረደች። ዚፑ ሊፈነዳ ደርሷል። አባቷ ከበሩ ላይ በቀኝ እጃቸው ተቀበሏት፣ ክብደቱን መዘኑ፣ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ነጩን ከቀለማሙ ለይተሻል?» አሉ።